ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ እንደ ወትሮው

አዛውንቱ የሞቱት አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ የኦክስጅኑ ጭምብል አፍና አፍንጫቸው ላይ በደንብ እንደተገጠመ ነው። ላያቸው ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ። ሳንባቸው ካስቸገራቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነውና፣ አንድ ነገር ባይገኝ ኖሮ ማንም ፖሊስ ልጥራ ብሎ አያስብም ነበር። ልቅሶው ተለቅሶ፣ ቀብሩ ተፈጽሞ፣ እግዜር ያጽናችሁ ተባብሎ ነገሩ ያበቃ ነበር። ያ አንድ ነገር ከራስጌያቸው የቆመው የኦክስጅን ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ገና ብዙ አየር አለ፤ መዝጊያው ግን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል።

ኢንስፔክተሯ እጆቿን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከታ አልጋውን አንድ ጊዜ ዞረችው። ሃምሳውን ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ከምትናገረው የምትሰማው የሚበዛ ሴት ናት። ጣቢያ ውስጥ «ጆሮ» ነው የሚሏት፤ ፊት ለፊቷ ግን የሚደፍር የለም። እሷም ታውቃለች፤ በልቧም ደስ ይላታል።

ከሟቹ ቀኝ እጅ ሌባ ጣት ላይ አንዲት ትንሽ መለኪያ ቆንጥጣ ተቀምጣለች። የትንፋሽ ማነስን የምትለካ፣ ነገሩ ሲከፋ የምትጮህ መሣሪያ ናት። ቀይ መብራቷ አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል፤ ድምፅ ግን የላትም። አጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ላይ የዓለም ሉል ተቀምጧል። ሉሉ ላይ ከአንድ ሩቅ ከተማ እስከዚህ ከተማ ድረስ አንድ ቀጭን ክር ተወጥሮ በሁለት መርፌ ተይዟል። ክሩ በቀጥታ የሚሄድ አይደለም፤ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ ነው የሚመለሰው።

ይህን እያየች ሳለ አንድ አውሮፕላን ከጣሪያው በላይ እያጓራ አለፈና የመስኮቱን መስታወት አንቀጠቀጠው። ቤቱ ያለው አውሮፕላኖች ለማረፍ ዝቅ በሚሉበት መስመር ሥር ነው። ጎረቤት ሁሉ የሚያማርረውን ይህን ቤት ሟቹ ወደውና ፈቅደው ነው የገዙት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራቸው አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት መንገዱን፣ ነፋሱንና ነዳጁን አስልቶ ለአብራሪዎቹ መስጠት ነበር። ራሳቸው አውሮፕላን ውስጥ የገቡበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሰዓቱ» ይላቸዋል፤ በላያቸው ያለፈው አውሮፕላን ከየት እንደመጣና ስንት ሰዓት እንደበረረ ሳይጠየቁ ስለሚናገሩ ነው።

አለቃዋ ሁለተኛ ጊዜ ደወለ። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የነበረችው አስታማሚዋ ብቻ ናት፣ በሩ አልተሰበረም፣ ምን ትጠብቂያለሽ አላት። ኢንስፔክተሯ ከሰዓት በኋላ ድረስ እንዲታገሣት ለመነችው። እሱም፣ ያኔ አስታማሚዋ ጣቢያ ካልገባች ራሱ መጥቶ እንደሚወስዳት ነግሯት ስልኩን ዘጋው።

አስታማሚዋ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ከሠላሳ አይዘልም። ጠዋት የገዛችው ዳቦ ከነፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የነካው ሰው የለም። የሁለት ዓመት ልጅ አለቻት፤ የምታሳድጋትም ብቻዋን ነው። የቀጠራት ድርጅት ወሬውን ሰምቶ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ነግሯታል። ይህን ሁሉ የተናገረችው ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነው፤ ማልቀሱ ገና አልመጣላትም።

በየቀኑ ሲነጋ ዳቦ ቤት ትሄዳለች። አዛውንቱ ትኩስ ዳቦ ካልሆነ አይበሉም፤ የሚበሉትም መሀሉን ብቻ ሻይ ውስጥ ነክረው ነው። ስትወጣ ተኝተው ነበር። ሌሊቱን ሲያስሉ አድረው ሊነጋጋ ሲል የሚያስተኛቸውን መድኃኒት ሰጥታቸዋለች። ስትመለስ ትንፋሽ የለም። ጭምብሉን ስትነካው አየር እንደማይመጣ ገባት፤ መዝጊያውን ስታየው ተዘግቷል።

«ከዚያስ?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ለልጃቸው ደወልኩ። የሚያክማቸው ሐኪምም መጣ። መዝጊያው ተዘግቶ አገኘሁት ብዬ ነገርኳቸው።»

«ዝም ብትዪ እኮ ማንም አያውቅም ነበር።»

«ሳየው እንዴት ዝም እላለሁ?» አለች አስታማሚዋ። ጥያቄው ራሱ የገባት አትመስልም።

ኢንስፔክተሯ ስለ ጣት መለኪያዋ ጠየቀቻት። አስታማሚዋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም።

«እሷማ ሰላም አትሰጥም። አንዴ መጮህ ከጀመረች ከጣታቸው ካላወለቅናት አትተወንም። ዝም ማሰኛዋ የት ጋ እንዳለ አናውቀውም፤ ጽሑፏ የባዕድ አገር ነው። ዶክተሩም ሞክሮ ሞክሮ ተወው።»

ዶክተሩ የሟቹ ታላቅ ልጅ ነው፤ የጥርስ ሐኪም። ከክሊኒኩ ሲጠሩት ነጭ ጋውኑን ሳያወልቅ፣ ላዩ ላይ ጃኬት ደርቦ ነው የመጣው። ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብድግ ይላል። ኢንስፔክተሯ ምንም ሳትጠይቀው ከአባቱ ጋር ተጣልቶ እንደነበር ተናገረ። ሆስፒታል ይግቡ ብሎ ሲለምናቸው፣ ከዚህ መስኮት ነቅለኸኝ ጣሪያ እያየሁ እንድሞት ነው የምትፈልገው ብለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይመጣል፣ መድኃኒቱን ያያል፣ ሁለት ቃል ተነጋግረው ይሄዳል።

«እኔ እዚሁ ነኝ፣ በየቀኑ። የሚጠብቁት ግን እሷን ነው» አለ ልጁ። «ታናሽ እህቴን። ዐሥር ዓመት ሆናት ከሄደች። ነጠላ ጫማው ከእሷ፣ ሉሉ ከእሷ፣ ያች የምትጮህ ዕቃ ከእሷ። እኔ ያመጣሁትን ማን ያየዋል! አሁን ደግሞ አየር ላይ ናት። ስልኳ ዝግ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ሻንጣዋን እየጎተተች ትገባለች፤ ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ቁልፍ ያላቸውን ሰዎች ስም ጠየቀችው። አስታማሚዋ፣ እሱና የአባቱ ጓደኛ አላቸው። እህቱም ስትሄድ የራሷን ይዛ ሄዳለች፤ ውጭ ላለ ሰው ግን ቁልፍ ምን ያደርጋል አለ።

የአባትየው ጓደኛ «ጋሽ ኮምፓስ» ናቸው። ከሟቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ፊት ለፊት በተገጠሙ ጠረጴዛዎች ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡት አብረው ነው። መርዶውን እንደሰሙ እየተጣደፉ መጥተው መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ጎብጠዋል። ውኃ አምጥተውላቸው የጠርሙሱን ክዳን መክፈት ሲያቅታቸው ኢንስፔክተሯ ተቀብላ ከፈተችላቸው።

ሰው እንዲናገር ሲፈለግ አንዳንዴ ስሕተት መናገር ይጠቅማል። ኢንስፔክተሯ ልጅቷ ያለችበት ከተማ የስምንት ሰዓት መንገድ ነው አሉ አለቻቸው።

«ማነው እንደዚያ ያለው?» አሉ ጋሽ ኮምፓስ፤ በሐዘናቸው መሀል እንኳ ተቆጡ። «ስምንት ሲሄዱ ነው። ሲመጡ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ተብሎ ነው የሚጻፈው።»

«አንድ መንገድ አይደለም እንዴ?»

«ርቀቱማ አንድ ነው። ያውልሽ፣ ክሩን አላየሽውም? ሰው ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ ለካሁ ይላል፤ ምድር ግን ድቡልቡል ናት። አጭሩ መንገድ የጎበጠው ነው። እሱ አይለወጥም። የሚለወጠው ነፋሱ ነው። ሲሄዱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲመጡ ፊት ለፊት ይገጥማል። አንዳንድ ቀን ይብሳል፣ አንዳንድ ቀን ይሻላል። መጽሐፉ የሚጽፈው አማካዩን ነው፤ የዛሬውን ማወቅ የፈለገ ማስላት አለበት።»

ስለ ቤተሰቡ ልማድ የነገሯትም እሳቸው ናቸው። እዚህ ቤት ከአውሮፕላን ወርዶ የመጣ ሰው ከመሳሳሙ በፊት ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ይናገራል። ጋሽ ሰዓቱ ደግሞ ከዋዜማው ማታ የነፋሱን ነገር አጠያይቀው፣ በቃላቸው አስልተው ይጠብቃሉ። ትክክል ከሆኑ ቀኑን ሙሉ ይፎክራሉ፤ ከተሳሳቱ ደግሞ አብራሪውን ይረግማሉ። ለልጃቸው ያላቸውን ፍቅር በሌላ መንገድ ሲገልጹ አይቻቸው አላውቅም አሉ ጋሽ ኮምፓስ።

«ለዛሬው ምን ብለው ነበር?»

«ነፋሱ ክፉ ነው፣ ልጄ ትዘገያለች አሉኝ። ትናንት ማታ እዚሁ ተቀምጠን ነው ያሰላነው።» ይህን ብለው ወደ መኝታ ቤቱ በር አዩ። ኢንስፔክተሯም አልጨቀጨቀቻቸውም።

አምስት ሰዓት ሲል በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ቀጭን ሴት ናት። ሻንጣዋን ደጃፉ ላይ እንደያዘች ፖሊሶቹን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ወንድሟ ተንደርድሮ ሄዶ አቀፋት። ተቃቅፈው አለቀሱ። የሁለቱም ለቅሶ እውነተኛ ነበር፤ ኢንስፔክተሯ የውሸት ለቅሶ ብዙ ሰምታለችና ታውቀዋለች።

«እንግዲህ ማን ነው ስንት ሰዓት ፈጀብሽ የሚልሽ!» አለ ወንድሟ እያለቀሰ። «ማን ይጠይቅሽ ከእንግዲህ!»

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ እንደ ወትሮው» አለች እህቱ፣ ራሷን ደረቱ ላይ እንዳስደገፈች። ከልጅነት ጀምሮ የለመደችውን መልስ ነው የሰጠችው።

ኢንስፔክተሯ በዚያን ጊዜ የምታየው ልጅቷን ሳይሆን ጋሽ ኮምፓስን ነበር። አፋቸውን ሊናገሩ ከፈቱ፤ ከዚያ ከደኑት።

ልጅቷን ሶፋው ላይ አስቀመጧት። አባቷን አየች። ተመልሳ ተቀመጠች። አስታማሚዋ ውኃ ስታመጣላት ቀና ብላ አላየቻትም፤ ፖሊስ አጅቧት ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ ግን ከኋላዋ በዓይኗ ሸኘቻት። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ከጣሪያው በላይ አለፈ፤ ከጠዋቱ ሁሉ የከበደ፣ ብርጭቆዎቹን እርስ በርስ ያጋጨ። ጋሽ ኮምፓስ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጭራውን እስኪጠፋ ተከተሉት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ፣ ወዲያውም ዓይናቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰበሩ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ግቢው ወጥታ ሁለት ቦታ ስልክ ደወለች። ስትጨርስ አጥሩ ላይ ተደግፋ ጥቂት ቆየች። ነገሩ ተፈቶላታል። በሃያ ሰባት ዓመት ሥራዋ ባልደርስበት ኖሮ ብላ የተመኘችበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይኼኛው አንዱ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው አስታማሚ ባትኖር ምናልባት ካፖርቷን ቆልፋ ትሄድ ነበር።

አለቃዋ የሰጣት ጊዜ ሊያልቅ ሲል ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አስታማሚዋ ከበሩ አጠገብ ቆመች፤ ተቀመጪ ብላ ወንበር የሰጠቻት ኢንስፔክተሯ ናት። ዶክተሩ ከእህቱ ጎን፣ ጋሽ ኮምፓስ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ።

«መጀመሪያ ስለ አስታማሚዋ፣ ስለ ሲስተር ልናገር» አለች ኢንስፔክተሯ፤ «ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ሰው በጎን እያያት ነው የዋለው። ይህን ያደረገችው እሷ ብትሆን መዝጊያውን መልሳ ትከፍተው ነበር። የሚያያት የለም፣ የሚያጣድፋት የለም። ከፍታ፣ ዕቃውን አስተካክላ ሐኪም ትጠራለች፤ ሐኪሙም ሳንባቸው ነው ብሎ ይሄዳል። መዝጊያው ተዘግቶ ነበር ብላ የተናገረችው ግን ራሷ ናት። ሰው ገድሎ፣ ገዳይ አለ ብሎ ፖሊስ የሚያስጠራ ሞኝ እስካሁን አልገጠመኝም።»

«ታዲያ ያ ሰው ለምን መልሶ አልከፈተውም?» አለ ዶክተሩ።

«ቆሞ ማየት ስላልቻለ። መልሶ ለመክፈት እስኪያበቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሚጠላቸው ሰው ቢሆን ይጠብቅ ነበር። ይሄኛው ዘግቶ ሮጦ ነው የወጣው። ጭምብሉን እንኳ ከፊታቸው አላነሳም።»

ኢንስፔክተሯ ቀጠለች። ጋሽ ኮምፓስ የውኃ ክዳን መክፈት ያቃታቸው ሰው ናቸው፤ ያን የተጠረቀመ መዝጊያ ማዞር አይችሉም። ቀጥላ ከኪሷ የጣት መለኪያዋን አወጣች፤ በንጹሕ ፌስታል ተጠቅልላለች።

«ይህች ዕቃ አየር ሲያጥራቸው መጮህ ነበረባት። ብትጮህ ይነቁ ነበር፤ ጎረቤትም ይሰማ ነበር። የዚህ ቤት ሰዎች ዝም ሊያሰኟት ሲፈልጉ ከጣታቸው ያወልቋታል፤ ሌላ መንገድ አያውቁም። ሲስተርም እንደዚያው፣ ዶክተር፣ እርስዎም እንደዚያው። ዛሬ ጠዋት ግን ጣታቸው ላይ እንዳለች ነው ድምፅዋ የጠፋው። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ነክቶ፣ ጽሑፉን አንብቦ ድምፅዋን አጥፍቷታል። ጽሑፉ የዚያኛው አገር ነው። እዚህ ሳሎን ውስጥ እሱን ማንበብ የሚችል ሰው ስንት ነው?»

ዶክተሩ ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው። ሲገባው ከሶፋው ተነሥቶ በእህቱና በኢንስፔክተሯ መሀል ቆመ።

«ይቅርታ፣ ኢንስፔክተር፤ አእምሮዎን ስተዋል እንዴ? አባቴ ሲሞት እኮ እሷ አየር ላይ ነበረች። ከዚህ ባሕርና በረሃ አቋርጦ የዘጠኝ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው!»

«አየር ላይ የነበረው አውሮፕላኑ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። ድምፅዋን አላሳደገችም። «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል የሚጻፈው ነው። ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ ሁለቱን ከተሞች ቢጠይቅ የሚነገረው። አባታችሁ ግን ትናንት ማታ ነፋሱ ክፉ ነው፣ ትዘገያለች ብለው ነበር፤ ደግሞም አልተሳሳቱም። አውሮፕላኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው የፈጀበት። ያን ሁሉ ሰዓት ጉልበቱን አጣጥፎ የመጣ ሰው እንደ ወትሮው ነበር አይልም፤ ሌላው ቢቀር ወገቡ ይነግረዋል። መንገዱን ከመጽሐፍ ያወቀ ሰው ነው እንደዚያ የሚለው።»

ወደ ልጅቷ ዞረች።

«የመጣሽው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ አውሮፕላኑ በሰዓቱ አርፎ ቢሆን ትደርሺበት በነበረው ሰዓት። ልክ ነሽ፣ ሒሳቡ አልተሳሳተም። አውሮፕላኑ ግን ከዚህ ጣሪያ በላይ ያለፈው አንቺ እዚህ ሶፋ ላይ ሆነሽ ስታለቅሺ ነው። ጋሽ ኮምፓስ ቀና ብለው ያዩት እሱን ነበር። ደውዬ አረጋግጫለሁ፤ ወንበርሽ ባዶውን ነው የመጣው። አንቺ የመጣሽው ትናንት ከሰዓት በኋላ በሌላ መንገድ፣ ሌላ ከተማ አርፈሽ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለው ሆቴልም አድረሻል።»

ዶክተሩ እህቱን አያት። አይደለም እንድትለው ጠበቀ፤ አላለችውም። ቀስ ብሎ ከእሷ ራቅ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ኢንስፔክተሯ በዚህ መሀል ንዴቷን መደበቅ አቃታት። የተናደደችው በልጅቷ አልነበረም።

«ጋሽ ኮምፓስ፣ እርስዎ ስለ በረራ ሰዓት አንዲት ደቂቃ የተሳሳተ ሰው አይምሩም። እኔን እንኳ በሐዘንዎ መሀል ተቆጥተውኛል። እሷ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ስትል ግን ዝም አሉ። ያኔ ነው ጆሮዬ የቆመው። ገብቶዎት ነበር፤ ሲስተር ለእስር ስትጠበቅ እያዩ ዝም አሉ።»

«ሚጡን በእቅፌ ነው ያሳደግኋት» አሉ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ። «ሲስተር ላይ ማስረጃ ያጡባታል፣ ይለቋታል ብዬ ነው።»

«አይለቋትም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሚጡ ያሏት ልጅ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋጥማ ተቀምጣለች። መናገር ስትጀምር የተናገረችው ለወንድሟ ነው።

«ወንድምዓለም፣ እሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። ባለፈው ስመጣ። መታፈኑ በቃኝ፣ ልጄ፣ አንቺ ካልሆንሽ ማንም አያደርግልኝም፤ ወንድምሽ አይችልም አሉኝ። እምቢ አልኩ። ከዚያ በደወልኩ ቁጥር ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ቀድሜ የመጣሁት እናንተን እንዳይነካችሁ ነው፤ እኔም ሳልኖር እንደሞቱ እንዲሆን። ሲስተር ለዳቦ ስትወጣ ገባሁ። ተኝተው ነበር። ልሰናበታቸው ፈልጌ ነበር፤ ከነቁ ግን አላደርገውም ብዬ ፈራሁ። ዘግቼው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ልመለስ አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ።» ወደ አስታማሚዋ ዞረች። «በበሽታቸው እንደሞቱ ነበር የሚመስለኝ። አንቺን ይወስዱሻል ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ ደግሞ ሳይሽ ዋልኩ፣ መናገር ግን አልቻልኩም። ይቅር በዪኝ አልልሽም።»

ኢንስፔክተሯ ሕጉ ምን እንደሚል ነገረቻት። ተጠይቄ ነው ማለት ፍርዱን ጥቂት ያቀልለው ይሆናል እንጂ ነፃ አያወጣም። ዶክተሩ አባቱ እሱን አይችልም ማለታቸውን ለራሱ አንድ ሁለት ጊዜ ደገመው። የትኛው እንደጎዳው፣ ሞታቸው ይሁን ይህ ቃል፣ ከፊቱ መለየት አይቻልም ነበር። ኢንስፔክተሯ ለአስታማሚዋ ወደ ቤቷ መሄድ እንደምትችል ስትነግራት ደግሞ አስታማሚዋ አልተነሣችም። ልጅቷን አፍጥጣ እያየች ነው።

«ሚጡ» አለች። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ በስልክ ብቻ ነበር የማውቅሽ። አባባ ለአንቺ መልእክት ሰጥተውኝ ነበር። ብቻዋን ስታገኚያት ንገሪያት፣ ወንድሟ እንዳይሰማ አሉኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ደግሞ ፖሊሶቹ ከማንም ጋር አላስገናኙኝም።»

ኢንስፔክተሯ ሊመጣ ያለውን ከሁሉም ቀድማ ሰማችው። ተይው ልትላት እጇን አነሣች፤ አስታማሚዋ ግን አላየቻትም።

«ጋሽ ኮምፓስ ከሄዱ በኋላ ነው። ደስ ብሏቸው ነበር። ሌሊት ከባሕሩ በላይ ትሆናለች፣ ነፋሱ ፊቷን ይመታታል ይሉኛል። ከዚያ፣ ያን የጠየቅኋትን ነገር ትቼዋለሁ በዪያት አሉኝ። ልጄ ላይ የሚጣል ሸክም አልነበረም፣ አጠፋሁ፤ መታፈኑንም እችለዋለሁ፣ እስከቻልኩ ድረስ አብራኝ ትቀመጥ አሉ። በስልክ የሚባል ስላልሆነ ነው የጠበቅኋት አሉ።»

«ማታ?» አለች ሚጡ። «ትናንት ማታ?»

«አዎ፣ ትናንት ማታ።»

«እኔ እኮ ትናንት ማታ እዚሁ ነበርኩ። በታክሲ ሃያ ደቂቃ። ከሆቴሉ መስኮት የሰፈራችን መብራት ይታያል፤ ቆሜ ሳየው ነው ያደርኩት።»

አስታማሚዋ አሁን ነው የገባት። አፏን በመዳፏ ያዘች፤ የወጣውን ቃል መልሳ ልታስገባው የፈለገች ትመስላለች። ከጠዋት ጀምሮ አልመጣ ያላት ለቅሶም ያኔ መጣ። ዶክተሩ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደና ጀርባውን ሰጣቸው። ውጪ የፖሊስ መኪናው ሞተር ተነሣ።

«ሌላስ?» አለች ሚጡ። «ሌላ ምንም አላሉም?»

አስታማሚዋ ራሷን ነቀነቀች፤ መናገር አልፈለገችም። ሚጡ ከሶፋው ወርዳ እግሯ ሥር ቁጭ አለችና ሁለት እጆቿን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ንገሪኝ። ምን አሉ?»

«ስትመጣ ተኝቼ ከሆነ» አለች አስታማሚዋ፣ «እንዳታዝንልኝ፤ ትቀስቅሰኝ አሉ።»